የተረፈችው አንድ መቶኛ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክህን አታነሳም። መልእክቴን እያነበብክ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለህ፤ ማንበብህን ደግሞ ስልኩ ራሱ ያሳብቅብሃል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ብዕር አነሳሁ። ይህን ደብዳቤ ማሙሽ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ አንተ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ያመጣልሃል። ለዘበኛ ሰጥቶ እንዳይመለስ፣ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ እጅህ ላይ እንዲያኖረው አስምዬዋለሁ። ታናሻችንን ታውቀዋለህ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ቀኑን ሙሉ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ኤሌክትሪክ ሲያገናኝ ይውላል፤ ያንተ ቁጣ ግን አሁንም ያንቀጠቅጠዋል። እባክህ እሱን አትቆጣው። ቁጣህን ለእኔ አቆየው።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። ዛሬ ረቡዕ ነው። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የይዞታ ምዝገባ ቢሮው መስኮቱን ይዘጋል። ከዚያ በፊት የሦስታችን ፊርማ ያለበት ወረቀት ካልገባ የአባባ ቤት ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ይፈርሳል፤ አዲሱ መንገድ በላዩ ላይ ያልፋል። የተመዘገበ ቤት ላላቸው ምትክ ቤት ይሰጣቸዋል። ላልተመዘገበ ምንም የለም፤ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ጽፈውታል። ግንባችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ከተጻፈ ሁለት ወር ሆነው። ጎረቤቶቻችን ወረቀታቸውን ጨርሰው ዕቃ ማሰር ጀምረዋል። እኛ ያንተን ስም መጻፊያ ባዶ መስመር ይዘን ተቀምጠናል።

የምለምንህ ለራሴ አይደለም። እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር የምኖርባት ክፍል አለችኝ፤ ማሙሽም ሥራ ባለበት ያድራል። እዚያ ቤት ውስጥ የሚኖሩት አንድ ሰው ናቸው። እትዬ። አንተ «ሴትየዋ» የምትላቸው የአባባ ሚስት። ሰባ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ሳምንት ልብሳቸውን በሁለት ጥቅል ጠቅልለው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ስላቸው «እሱን አስብበታለሁ» አሉኝ። እኔ ቤት ይምጡ አልኳቸው፤ አራት ሰው በምትተኛ ክፍል ውስጥ አምስተኛ አልሆንም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጨንቆኛል ወንድም ጋሼ። መቀስ ይዤ ጨርቅ ፊት እቆምና ምን ልቆርጥ እንደነበር ይጠፋኛል።

ከልመናው በፊት ግን አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ዋሽቼሃለሁ።

ለምዝገባው የሄድኩት ብቻዬን እንደነበር ታስታውሳለህ። ማሙሽ ሥራ ላይ ነበር፤ አንተ ፈተና እያረምክ ስለነበር «አንቺ አስሞይው፣ እኔ መጥቼ እፈርማለሁ» አልከኝ። የአባባን ኑዛዜ ይዤ ተሰለፍኩ። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ሰው ስታናግር ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን አታነሳም። ኑዛዜውን አነበበችው። እማዬ የሞተች ዓመት አባባ ራሳቸው ታመው በነበረ ጊዜ በእጃቸው የጻፉት ነው፦ «ቤቴን ከነግቢው ለሦስቱ ልጆቼ ሲሶ ሲሶ አድርጌ አውርሻለሁ» ይላል።

«ሲሶ በነጥብ ስንት ነው?» አለችኝ።

«አንድ ሦስተኛ ነው» አልኳት።

«እሱማ ገብቶኛል። ይሄ ክፍልፋይ አይቀበልም። በአስርዮሽ ነው የምንሞላው።»

ማስያዋን አንስታ አንድን ለሦስት አካፈለች። ከዚያ ያንተን ስም ጻፈችና 0.33 አለች፤ ለእኔ 0.33፤ ለማሙሽ 0.33። ስትጫነው ኮምፒውተሩ ቀይ ሆኖ ጮኸ። የድርሻዎቹ ድምር 1.00 መሆን አለበት ይላል። የእኛ 0.99 ሆነ። ሌላ ሦስት ጨመረችበት፤ ሳጥኑ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ስለሚይዝ ሦስተኛዋን ዋጣት።

«ለአንዳችሁ ሠላሳ አራት ላድርገው» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። «ሦስት ወራሽ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ለማን ይሁን?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ይገፉኛል። ሆኖም ጊዜ አጥቼ አይደለም። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ደውዬ ልጠይቅህ እችል ነበር። ለታላቃችን ይሁን ማለትም እችል ነበር፤ ደንቡ እሱ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። «ለእኔ» አልኳት። አፌን ሞልቼ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አንተ በማግስቱ መጥተህ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኸው፤ ብዕርህን ከፍተህ ልትፈርም ጎንበስ እንዳልክ እጅህን አቆምክ። «ይቺ 34 ምንድን ናት?» አልከኝ። እኔም «ኮምፒውተሩ ነው፤ የተረፈውን ራሱ ለመሃከለኛዋ ሰጠው» አልኩህ። ስንት ዓመት ሒሳብ ላስተማረ ሰው!

«ኮምፒውተሩ መሃከለኛዋ ማን እንደሆነች በምን አወቀ?» አልከኝ።

ማሙሽ ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ፊትህን አይቶ ዋጠው። አንተ ብዕርህን ከደንከው። «ሒሳቡ ሳይገባሽ ቀርቶ ቢሆን እስቅ ነበር» አልከኝ። «አንቺ ግን በደንብ ገብቶሽ ነው። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።» ኮትህን ይዘህ ወጣህ። ይኸው ሦስት ወር።

እውነት ነው፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አምስተኛ ክፍል ሆኜ ክፍልፋይ ሲጠፋብኝ፣ ያ አበባ የታተመበት ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠኸኝ፣ «ላዩን ለታቹ አካፍዪ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም» አልከኝ። አንድ ለሁለት አይደርስም፤ ዜሮ ጻፊ፣ ነጥብ አድርጊ፣ ዜሮ አምጪለት፤ አሥር ለሁለት አምስት፤ አለቀ። ሦስት አራተኛን ሰጠኸኝ። ሠላሳ ለአራት ሰባት ደርሶ ሁለት ተረፈ፤ ሃያ ለአራት አምስት፤ 0.75፤ አለቀ። «አለቀ!» እያልን ጠረጴዛውን ስንመታ አባባ ከመኝታ ክፍል ጮኹብን። አንድ ስምንተኛን ራሴ ጨረስኩት። ከዚያ አንተ ተንኮልህ ተነሣና አንድ ሦስተኛን ሰጥተኸኝ ውሃ ልትቀዳ ወጣህ።

አሥር ለሦስት ሦስት ደርሶ አንድ ይተርፋል። ዜሮ አመጣሁለት። አሥር ለሦስት ሦስት ደርሶ አንድ ይተርፋል። መስመሩን ጨረስኩ። ገጹን ጨረስኩ። ገለበጥኩት። ተመልሰህ ስትመጣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሆኜ ስነፈርቅ አገኘኸኝ፤ አንድ ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ሳቅህን ለማቆም ግድግዳ ያዝክ። «አንቺ ጅል፣ እሱ አያልቅም እኮ!» አልከኝ። እኔ ግን አኩርፌ ደብተሬን ዘጋሁ። በዚያ ደብተር ምክንያት ለሳምንት ያህል «የሦስት እናት» ስትለኝ ከረምክ።

አሁን የማስበው አንድ ነገር አለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ስጠኝና ለሦስት አጥፌ እሰጥሃለሁ፤ ጫፉን ከጫፉ አገጣጥሜ፣ ምንም ሳይተርፍ። ቁጥር አያስፈልገኝም። አባባም ሲሶ ሲሶ ሲሉ እንደ ጨርቅ ነበር ያሰቡት፤ ጠፍጣፋ፣ እኩል፣ ጠብ የማይል። ያ ሳጥን ውስጥ ስንገባ ነው የተረፈችው። እሷን ትርፍ ባላነሣት ኖሮ ዛሬ አብረን ነበርን።

ለምን አነሣኋት? ይህን ለራሴም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩትም። አባባ ግራ ጎናቸው ከሰነፈ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አምስት ዓመት ተኝተዋል። አንተ በበዓልና በእረፍት ትመጣለህ፤ ብርቱካን ይዘህ፣ አጠገባቸው ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነብላቸዋለህ። ስትመጣ ፊታቸው ይበራል። ስትሄድ ለሦስት ቀን የአንተን ወሬ ብቻ ያወራሉ። እኔ በየቀኑ ከሥራ መልስ እየሄድኩ አንሶላ እቀይራለሁ፣ አጥባለሁ፣ እላጫለሁ። ለእኔ ፊታቸው በርቶ አያውቅም፤ በየቀኑ ለሚመጣ ሰው ማን ፊቱን ያበራል? ቀናሁብህ። መስኮቱ ላይ ቆሜ መዝጋቢዋ «ለማን ይሁን?» ስትለኝ፣ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ነው የመለሰላት። ከመቶ አንዷ እንኳ ለእኔ አትገባም? አንድ ሰው፣ ማሽንም ቢሆን፣ ከሁሉም ይልቅ አንቺ ደከምሽ ብሎ እንዲጽፍልኝ ፈለግሁ። ቤቱን አልፈለግሁትም። ያቺን 4 ነበር የፈለግኋት።

ወንድም ጋሼ፣ አንተም የምትቆጥረው እንዳለህ አላጣሁትም። እማዬ የሞተች ዓመት አሥራ አራት ዓመትህ ነበር። ትምህርትህን አቋርጠህ ማሙሽን በጀርባህ አዝለህ ትውል ነበር። ዳቦ ስትቆርስ ትልቁን ለእኔ፣ ለስላሳውን ለማሙሽ፣ ለራስህ ጠርዙን። የጓዳው ቁልፍ ሱሪህ ኪስ ውስጥ ነበር። በዓመቱ እትዬ ሲመጡ አባባ «ቁልፉን ስጣት» አሉህ፤ እሱ ብቻ፤ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይሉ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ ለረጅም ጊዜ ስትቆም አይቼሃለሁ። ሰባት ዓመቴ አልፎ ነበር፤ የዚያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴትየዋ ሆኑ። ሃያ ስምንት ዓመት «እትዬ» ሳትላቸው። ሲመጡ አርባ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ አሁን አንተ ያለህበት ዕድሜ።

ከሄድክ በኋላ ያደረግሁትን ልንገርህና ሁሉም ይውጣ። በሁለተኛው ሳምንት «ያንተው ትሁን፣ ይብቃህ» ብዬ የላክሁልህ መልእክት እርቅ አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ስጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። እሱንም አውቀኸው ነው ያልመለስክልኝ። ለማሙሽ ልስጠው አልኩ፤ «እኔን በመሃከላችሁ አታስገቡኝ፣ በሁለታችሁም ዘንድ ሌባ መሆን አልፈልግም» ብሎ ምሰሶው ላይ ወጣ። ቢሮው ደጅ ስጠና ከረምኩ። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ «ክፍልፋዩን እንዳለ በእጅ ጻፉልን፣ አንድ ሦስተኛ በሉ» ብዬ ለመንኩት።

«ኮምፒውተሩ አያውቀውም» አለኝ።

«እርስዎ ያውቁታል አይደል?»

«እኔ ባውቀው ምን ዋጋ አለው እህቴ? የሚያትመው እሱ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የሚያስቅ ነገር ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ ወደ ቤቱ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ እያሰላሁ ነበር። ግቢው ከነቤቱ መቶ ሰባ ሁለት ካሬ ሜትር ነው፤ መቶኛው አንድ ነጥብ ሰባት ሁለት። እስቲ ያጣላንን ነገር በዓይኔ ልየው አልኩ። በረንዳው ላይ ዘረጋሁ፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ ዘረጋሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። እትዬ ክፍል ገባሁና አልጋቸውን ለካሁት። ወርዱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር። ቁመቱ መቶ ዘጠና። አባዛሁት። አንድ ነጥብ ሰባት አንድ።

እትዬ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ካልሲ ያጥፋሉ። «ምን ትለኪያለሽ? አልጋዬን ልትሸጪው ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከእሳቸው ደብቀን ነበር እኮ፤ ለምን እንደቀረህ ማናችንም አልነገርናቸውም። 0.34ንም፣ ውሸቴንም፣ ጥለኸን መሄድህንም ነገርኳቸው። ካልሲውን አስቀመጡት።

«በእኔ ምክንያት አይደለም እንዴ የቀረው?» አሉ።

«ኧረ በፍጹም! በእኔ ነው።»

«እኔ መስሎኝ» አሉ። «አባቱ ከሞቱ በኋላ እኔን እዚህ ማየት የከበደው መስሎኝ። ልብሴን የጠቀለልኩት ለዚያ ነው። እኔ ከወጣሁለት መጥቶ ይፈርማል ብዬ።»

ወንድም ጋሼ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለቱ ጥቅል የመንገዱ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካስ ለአንተ ቦታ ሲለቁ ነው። እኔ አምስት ዓመቴን ስቆጥር፣ አንተ ያቺን አንድ ዓመትህን ስትቆጥር፣ እሳቸውን ማን ቆጠራቸው? እኔ ከሥራ መልስ አንሶላ ቀየርኩ ብዬ ስኮራ፣ ጠዋትና ቀን ማን ይቀይር ነበር? ኑዛዜው የተጻፈው እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ አባባ ደግመው አልጻፉም። በወረቀት አልተጋቡም። ሃያ ስምንት ዓመት በኖሩበት ቤት፣ በየትኛውም ወረቀት ላይ ስማቸው የለም። ምትክ ቤት ቢሰጠን እንኳ የሚገቡት በእኛ መልካም ፈቃድ ነው፤ አንዳችን ብንቆጣ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ይህን ያወቅሁት አልጋቸውን በሜትር ስለካ ነው። አፈርኩ።

በማግስቱ ቢሮው ሲከፈት መስኮቱ ላይ ነበርኩ። «አራተኛ ሰው ማስገባት ይቻላል?» አልኳት መዝጋቢዋን።

«ወራሾቹ በሙሉ ከተስማሙና ከፈረሙ ለፈለጋችሁት ሰው ድርሻ መስጠት ትችላላችሁ» አለችኝ። «የሚሰጠው ሰውም ይፈርማል፤ ካልቻለ የጣት አሻራ።»

ላንተ 0.33። ለእኔ 0.33። ለማሙሽ 0.33። ለእትዬ 0.01። ስትጫነው አልጮኸም። ድምር 1.00 ብሎ ወረቀቱን አተመው። ከማናችንም አልተቀነሰም፤ ከማንም አልተወሰደም። የተመዘገበ ባለቤት ደግሞ ድርሻው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ያለራሱ ፈቃድ ከቤቱ አይወጣም አለችኝ። መስኮቱ ላይ እንደ ሕፃን ስንሰቀሰቅ፣ ከኋላዬ ያሉት፣ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው፣ ወንበር ለቀቁልኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ብሄድ እትዬ ጣታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አላሳርፍም አሉ። «አባታችሁ ያልጻፉትን እኔ አልጽፍም።» ለመንኳቸው። ማሙሽ ከሥራው ተጠርቶ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ወይ ፍንክች።

«ልጄ የተቆጣው በዚህች ነገር ከሆነ ለልጄ ስጡት» አሉ።

«ለየትኛው ልጅዎ?» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ አልገባኝም ነበር።

«ለትልቁ ነዋ! ከእናንተ ከሦስታችሁ ሌላ ስንት ልጅ አለኝ ብለሽ ነው?»

ተመልሼ ቢሮው ሄድኩ። መዝጋቢዋ «ደግሞ ምን መጣ?» አለችኝ። ሌላ ወረቀት አስሞላሁ፤ ላንተ 0.34፣ ለእኔና ለማሙሽ 0.33። እትዬ ፊታቸው አስቀምጠው አስፈረሙን። ፊርማችንን ማንበብ ባይችሉም ጣታቸውን እያስኬዱ ሁለት መሆኑን ቆጠሩ። ሲጨርሱ «አሁን ይመጣል» አሉ።

ስለዚህ ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። የመጀመሪያው ላይ 0.34 ያለው ካንተ ስም ፊት ለፊት ነው። ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ እዚያው የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመህ ፈርመህ ለማሙሽ ብትሰጠው ይበቃል። መምጣት የለብህም፣ ማንንም ማናገር የለብህም። ቤቱ ይመዘገባል፣ ምትኩ ይሰጠናል፣ እትዬም እኛ እስከፈቀድን ድረስ ጣራ ይኖራቸዋል። ይህን ብታደርግ አንድ ቃል አይወጣኝም። እግርህን እስማለሁ። ዘጠኝ ቀን የቀረው ሰው አይመርጥም።

ሁለተኛው ላይ አራት ስም አለ። እኔና ማሙሽ ፈርመናል። ሁለት መስመር ባዶ ነው። ያንተ ፊርማ ቢመጣ እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ ትናንት ማታ ስጨቀጭቃቸው እትዬ የመጨረሻ ቃላቸውን ነገሩኝ፦ «እሱ ራሱ መጥቶ፣ እዚህ ተቀምጦ፣ እትዬ ያሳርፉ ካለኝ አሳርፋለሁ። በደብዳቤ አይሆንም።»

የትኛውን እንደምመኝ ታውቃለህ፤ አልደብቅህም፣ መደበቁ ያመጣብኝን አይቻለሁ። ግን አላስገድድህም። የመጀመሪያውን ፈርም፣ ወይም አውቶቡስ ላይ ውጣ። ማሙሽ የመመለሻውን ትኬት የቆረጠው ለሁለት ሰው ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም፣ ራሱ ነው ያደረገው።

እህትህ፣
በሁለቱም ወረቀት ላይ 0.33